ማደንዘዣ ወስዳችሁ መሪ አትያዙ

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! በቅዳሜ ሥራ አቁማችሁ እዚ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ድረስ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ አብዛኞቻችሁ ታክሲና ኡበር ነው የምትነዱት፣ ቅዳሜ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል። እኔ ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የሐኪም ረዳት ነኝ፣ ዛሬ የማወራችሁ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ስለ መንዳት ነው።

ማደንዘዣ ሁሉ አንድ አይደለም። ድድ ላይ የሚወጋው ላይዶኬይን ከንፈርና ምላስ ነው የሚያደነዝዘው፣ ካላዞራችሁና ሐኪሙ ካልከለከላችሁ ነድታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። በአፍንጫ የሚሳበው ጋዝም ኦክስጅን ሲሰጣችሁ በደቂቃዎች ይለቃል። እኔን የሚያስፈራኝ በክንድ ደም ስር፣ በአይቪ የሚሰጠው ነው፣ ዊዝደም ቱዝ፣ ማለት የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ፣ ሲወጣ ብዙ ጊዜ እሱን ነው የሚሰጡት። ከሱ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት መንዳት የለም፣ በቃ!

ለምን መሰላችሁ፣ በአይቪ ከሚሰጡት ውስጥ ሚዳዞላም የሚባል መድኃኒት አለ፣ እሱን የወሰደ ሰው አይኑን ገልጦ ያወራል፣ ይስቃል፣ ጥጡን እንደነከሰ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ «ደና ነኝ እኮ» ይላል፣ ማታ ስትጠይቁት ግን ያወራውን ብዙ ጊዜ አያስታውስም። ደና ነኝ ያለው ያው የደነዘዘው ጭንቅላት ነው እኮ! እንደዚ ሆናችሁ 395 አውራ ጎዳና ላይ ፊታችሁ ያለው መኪና ድንገት ፍሬን ቢይዝ እግራችሁ አይደርስም።

የኛ ሰው ደሞ «ሰው አላስቸግርም» ይላል። ክሊኒኩ ግን ብቻችሁን ኡበር ጠርታችሁ እንድትሄዱ አይፈቅድም፣ ቤት የሚያደርሳችሁና አብሯችሁ የሚቆይ አዋቂ ሰው ከሌለ ቀጠሮውን ይሰርዙታል። እባካችሁ ጓደኛ አስቸግሩ፣ ነገ እሱም ያስቸግራችኋል።

24 ሰዓቱ አለፈ ብላችሁ አፑን ከመክፈታችሁ በፊት ደሞ የምትውጡትን ማስታገሻ እዩ። አይቡፕሮፌን ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ አያስተኛም፣ ፐርኮሴት ወይም ሃይድሮኮዶን የሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ያለበት ከሆነ ግን እሱን እየወሰዳችሁ ተሳፋሪ አትጫኑ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በመድኃኒት ደንዝዞ መንዳትም ዲዩአይ ነው፣ ማለት ሰክሮ እንደ መንዳት ያስከስሳል፣ ሐኪም አዞልኝ ነው ማለት አያድናችሁም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ካልገባችሁ ፋርማሲስቱን አማርኛ አስተርጓሚ በስልክ እንዲያገናኛችሁ ጠይቁት፣ አትፈሩ።

በቅርብ ቀጠሮ ያላችሁ ካላችሁ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጽፋችሁ ለሐኪሙ ስጡ፣ የእንቅልፍ ኪኒንም ቢሆን። እስቲ አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።