አዲስ መኪናም እንደ ምጣድ ይሟሻል፦ ሴራሚክ ከመቀባታችሁ በፊት

ሰላም ሰላም! እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ባሕር ዳር ነን። ከኋላዬ የምታዩት ጣና ነው፤ ነፋሱ ድምፄን ቢረብሽባችሁ ታገሱኝ። ከፊቴ ደግሞ አዲስ መኪና ቆሟል። አዲስ ስላችሁ የእውነት አዲስ፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ገና አልተገፈፈም። ባለቤቱ "ስሜን አትጥራ" ስላሉኝ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ።

ጋሼ ትናንት ማታ ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ያንን ሴራሚክ የምትሉትን ነገር ነገ ቀባልኝ፤ እሑድ ጠዋት ይዤው ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ" አሉኝ። ሴራሚክ ለማታውቁት፣ የመኪና ቀለም ላይ የሚቀባ ስስ መከላከያ ሽፋን ነው። "ጋሼ፣ አይደርስም" አልኳቸው። "ለምን አይደርስም? መኪናው እኮ አዲስ ነው! ምኑ ይጸዳል?"

ምኑ ይጸዳል? ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። አዲስ መኪና የገዛ ሰው ሁሉ ይጠይቃታል። የዛሬው ቪዲዮም ለእሷ ነው።

መልሱን ግን ከመኪና አልጀምርም። ከምጣድ ነው የምጀምረው። አዎ፣ ከእንጀራ ምጣድ። ቆይ፣ ቪዲዮውን ወደፊት አትግፉት፤ ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው።

ልጅ ሆኜ እናቴ አዲስ ምጣድ ስትገዛ አብሬያት ገበያ እሄድ ነበር። መጀመሪያ በጣቷ ቋ ቋ ታደርገዋለች። ድምፁ ጥርት ካለ ደህና ነው። ከታፈነ ስንጥቅ አለው ማለት ነው፣ ትመልሰዋለች። ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ ወዲያው አይጋገርበትም። ምጣድ ገዝቶ በዚያው ሰዓት ሊጥ የሚያፈስ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ አቧራው ይጠረጋል። በደረቅ ጨርቅ፣ ደጋግሞ። ከዚያ ለስለስ ያለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ሸክላው ውስጥ የቀረው እርጥበት ቀስ እያለ ይወጣል። ከዚያ የተወቀጠው ጎመን ዘር ይመጣል። እናቴ በእፍኟ በተን ታደርገውና በጨርቅ ታሸዋለች፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ከዳር ወደ መሃል። ቤቱ በጭስ ይሞላል። እኛ ልጆቹ እያሳልን ወደ ደጅ እንሮጣለን፣ እሷ ግን ከምጣዱ ሥር አትነሳም። ሸክላው ይጠቁራል። ትንሽ ቆይቶ ማብረቅረቅ ይጀምራል። ሟሸ ማለት ነው።

ምን ሆነ? የጎመን ዘሩ ዘይት በእሳቱ ግለት ተለውጦ ስስ፣ ጠጣር ሽፋን ሆነ። የሸክላውን ጥቃቅን ቀዳዳ ሞላው። ከዚያ በኋላ እንጀራው አይይዝም፤ ጠርዙን ነካ ሲያደርጉት ብድግ ይላል።

አሁን ስሙኝ። አንድ ጊዜ አክስቴ ድግስ ደርሶባት ቸኮለችና አዲሱን ምጣድ በደንብ ሳትጠርግ አሟሸችው። መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ አቧራ ከሥር ቀረ። ከዚያ ወዲያ ያቺ ቦታ እንጀራ እንደያዘች ኖረች። ጎመን ዘር ቢጨመር፣ በማሰሻ ቢታሽ፣ ወይ ፍንክች! ችግሩ ከላይ አልነበረማ፤ ከሽፋኑ ሥር ነው። እስኪፋቅና እንደገና እስኪሟሽ ድረስ መፍትሔ አልተገኘለትም።

ሴራሚክ ማለት ይኸው ነው። በቃ። መኪናም ይሟሻል። በጎመን ዘሩ ፈንታ ትንሽ ጠርሙስ አለች፤ ውስጧ ከሲሊካ፣ ከአሸዋና ከብርጭቆ ዋና ንጥረ ነገር፣ ወገን የሆነ ፈሳሽ ነው። በእሳቱ ፈንታ ደግሞ አየር ውስጥ ያለው እርጥበት አለ፤ ፈሳሹ ከእሱ ጋር ተዋህዶ ይጠጥርና ቀለሙ ላይ ይጣበቃል። ከሥሩ ያገኘውን ሁሉ ይዞ ነው የሚጠጥረው። ንጹሕ ቀለም ካገኘ ንጹሑን፣ ቆሻሻ ካገኘ ቆሻሻውን።

እዚህ ላይ፣ ገና ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ ካላችሁ አድርጉ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ እንገናኛለን።

ወደ ጋሼ ጥያቄ ልመለስ። አዲስ መኪና ምኑ ይጸዳል? እስቲ የመጣበትን መንገድ አስቡት። ይህ መኪና የኤሌክትሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አዲስ ሆኖ የምናየው አብዛኛው እንዲህ ያለው ነው። ከፋብሪካው ወጥቶ ወደብ ላይ ቆሟል። በመርከብ ጨው አየር እየጠጣ ጅቡቲ ደርሷል። ከጅቡቲ በተሳቢ ተጭኖ የአፋርን ሙቀት አቋርጧል። ከአዲስ አበባ ደግሞ ጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀን ወጥቶ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። በዚያ ሁሉ መንገድ ከከባድ መኪኖች ፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ አርፎበታል። የአስፋልት ሬንጅ ተፈናጥሮበታል። የመሸፈኛው ላስቲክ ሙጫም ጥግ ጥጉ ላይ ቀርቷል። በዓይን አይታይም። ያብረቀርቃል እኮ!

ለዚህ ነው ፌስታል የያዝኩት። ካሜራዬን ወደ ኮፈኑ ልጠጋው። አሁን መኪናው ታጥቦ ደርቋል። ባዶ እጄን ላሳልፍበት፤ ለስላሳ ነው። አሁን እጄን ስስ ፌስታል ውስጥ ከትቼ እዚያው ቦታ ላይ ላሳልፈው። ሰማችሁት? ኽሽሽሽ ይላል። እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ላስቲኩ በእጃችሁና በቀለሙ መካከል ሲገባ ጣታችሁ ያልያዘውን ትንሽ እብጠት ሁሉ ያጎላዋል። ጋሼ ራሳቸው ሞከሩትና ዝም አሉ። ቆይተው "ይኼ ሁሉ አዲስ መኪና ላይ?" አሉ። አዎ፣ አዲስ መኪና ላይ።

ወደ ሥራው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ ከሁላችሁም የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። "ሴራሚክ 9ኤች ነው፣ ከተቀባ አይቧጨርም አይደል?" ሻጮቹ ቁልፍ ይዘው ኮፈን ሲፍቁ የሚያሳዩበትን ቪዲዮ ያላየ የለም። አንዳንዱም 9ኤች ሲባል ከ10 ዘጠኝ ያገኘ ይመስለዋል። አልማዝ 10፣ ሴራሚክ 9!

አይደለም። በጭራሽ አይደለም። ሁለት የተለያዩ መለኪያዎች ተቀላቅለው ነው። አልማዝን 10 የሚለው የሞህስ መለኪያ ነው። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ሞህስ በ1812 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ነው። 9ኤች ግን የእርሳስ ቁጥር ነው። የምን እርሳስ? የምንጽፍበት እርሳስ! የቀለም ሽፋን የሚፈተሸው በእርሳስ ነው። ከለስላሳው እስከ ጠንካራው የተደረደሩ እርሳሶች አሉ፤ በ45 ዲግሪ ዘንበል ተደርገው፣ ክብደት ተጭኖባቸው ቀለሙ ላይ ይገፋሉ። የመጨረሻው ጠንካራ እርሳስ 9ኤች ይባላል። 9ኤች የተባለ ሽፋን እንግዲህ በዚያ እርሳስ አልተጫረም ማለት ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትርጉም የለውም። ደግሞ የእርሳስ ልብ ከምን እንደሚሠራ ታውቃላችሁ? ከግራፋይትና ከሸክላ አፈር! ሸክላው በበዛ ቁጥር እርሳሱ ይጠነክራል። ዛሬ ከሸክላ መውጣት አልቻልንም።

አሁን ወደ መንገዳችን አቧራ ኑ። አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በሞህስ መለኪያ 7 ነው። በአሸዋማ ጨርቅ የታሸ መኪና ሴራሚክ ኖረው አልኖረው ይጫራል። ውፍረቱንም ተመልከቱ። የፋብሪካ ቀለም ከሥር እስከ ላይ ባብዛኛው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ከላይ ያለው ግልጽ ሽፋን፣ ክሊር የምንለው፣ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ይሆናል፤ ከፀጉራችሁ ዘለላ ይሳሳል። አንድ ዙር ሴራሚክስ? ከ1 እስከ 2 ማይክሮን ገደማ። ይህች ስስ ነገር ጠጠር ታስቆማለች ብላችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። ጠጠር የሚከላከለው ቀለሙ ላይ የሚለጠፈው ግልጽ ፊልም የሚባለው ነው፤ ውፍረቱ እስከ 200 ማይክሮን ይደርሳል፣ ዋጋውም ሌላ ነው።

ታዲያ ሴራሚክ ምን ይጠቅማል? እዚህ ባሕር ዳር፣ በጣም ይጠቅማል። ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ቀለም የሚያደበዝዘውም እሱ ነው። ደግሞ ወፎቻችን! ጥላ ፍለጋ ዋርካ ሥር ወይም ዘንባባ ሥር ስታቆሙ የሚወርድባችሁን ታውቁታላችሁ። የወፍ ኩስ አሲድ አለው፤ በፀሐይ ሲጋል ክሊሩን ይበላዋል። ሴራሚክ ጊዜ ይገዛላችኋል። ኩሱ ቶሎ አይገባም፣ አቧራው በቀላሉ ይለቃል፣ ውኃው ተንከባሎ ይወርዳል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ሥራው። ማጠብ ስለምታውቁ ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ።

መጀመሪያ በውኃ ብቻ በደንብ ማርጠብ፤ አሸዋው ሳይነካ ይውረድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ። አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ጨርቃችሁን የምታለቀልቁበት። ከላይ ወደ ታች፤ ቸርኬው በመጨረሻ፣ ለብቻው ጨርቅ። በላርጎ ለምን አይታጠብም ትላላችሁ፤ ሴራሚክ ሊቀባ ያለ መኪና ላይ አንድ ቀን ብትጠቀሙበት አላለቅስም፣ ልማድ ግን አታድርጉት። የልብስ ዱቄት ሳሙናን ግን እርሱት። ያልሟሟው ቅንጣት ይፍቃል።

ቀጥሎ የብረት ማሟሟያ መርጨት። ቀለሙ ላይ ሐምራዊ ሆኖ ሲወርድ ታያላችሁ፤ የብረት ብናኙ እየሟሟ ነው። ይሸታል፣ ቻሉት። ሳይደርቅ እጠቡት። ሬንጁን በሬንጅ ማስለቀቂያ። ከዚያ ክሌይ፤ እንደ ሊጥ የሚለነቀጥ፣ የቀረውን ቆሻሻ የሚያነሳ ነገር ነው። ሻምፖ ባለበት ውኃ እያንሸራተታችሁ ቀስ ብላችሁ እሹት፤ በደረቁ በፍጹም። መሬት ከወደቀ ጣሉት፣ አታጥቡት። አሁን ፌስታሉን እንደገና ሞክሩት። ጸጥ ካለ ጨርሳችኋል።

መስመር መስመር ጭረት ካለ ቀላል ፖሊሽ፤ ቀለሙን በስሱ ፈጭቶ የሚያለሰልስ ነው። አዲስ መኪና ላይ ብዙ አትፍጩ፤ የምትፈጩት ያንኑ 40 ማይክሮን ነው። ከዚያ በአይሶፕሮፒል አልኮል መጥረግ፤ የፖሊሹ ቅባት ከቀረ ሴራሚኩ አይዝም። የአክስቴን ምጣድ አስታውሱ።

አሁን ጠርሙሷ። ጓንት አድርጉ፣ ጥላ ውስጥ ሁኑ፣ ላሜራው ቀዝቃዛ ይሁን። በስፖንጇ ላይ ጥቂት ጠብታ። ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየከፈላችሁ፣ አንዴ ወደ ጎን፣ አንዴ ወደ ላይና ወደ ታች። ቀስተ ደመና መሳይ ቀለም ሲያወጣ በማይክሮፋይበር ፎጣ ጥረጉት፤ በሁለተኛ ፎጣ ድገሙት። እዚህ ግንቦት ላይ ቶሎ ነው የሚይዘው፣ አትዘናጉ። በእጅ ባትሪ ከጎን እያበራችሁ ፈትሹ፤ የተረሳ ቦታ ካለ ነገ ጠጥሮ ጥቁር ጥላ መስሎ ታገኙታላችሁ፣ ያኔ የሚያስለቅቀው ፖሊሽ ብቻ ነው። ያገለገለውን ፎጣ ሌላ ቦታ አትጠቀሙበት፤ ሲደርቅ ቀለም ይጭራል። ለ24 ሰዓት ውኃ አይንካው። ለአንድ ሳምንት ሻምፖ አይንካው። አለቀ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። መኪናው በጉዞ ተጭሮ ጋራዥ ውስጥ እንደገና የተቀባ ላሜራ ካለው፣ እሱ ላይ አትቸኩሉ። የፋብሪካው ቀለም በምድጃ የተጋገረ ነው፣ የጋራዡ ግን ለመድረቅ ቢያንስ አንድ ወር ይፈልጋል። ሻጩን ጠይቁት።

የራሴን አስተያየት ልንገራችሁ? ገንዘብ ካጠረ ሴራሚኩን ተዉት፣ ማጽዳቱን አትተዉ። በደንብ ጸድቶ ተራ ዋክስ (የመኪና ሰም) የተቀባ መኪና፣ ሳይጸዳ ውድ ሴራሚክ ከተቀባ መኪና ይሻላል። የወንድሜን መኪና አይቻለሁ። አንድ ላቫጆ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ "ሴራሚክ ተቀብቷል" ብሎ መለሰለት። ፌስታሉን ሳሳልፍበት ኽሽሽሽ። ገንዘቡ ሄደ፣ ብረቱም ከሥር ታሽጎ ቀረ።

ሌላም አለ፤ ከልቤ ነው የምለምናችሁ። መኪናችሁን ጣና ዳር ወስዳችሁ አትጠቡ። ሳሙናውና ዘይቱ የሚሄደው ሐይቁ ውስጥ ነው፣ ከዚያ ሐይቅ ዓሣ እንበላለን። ለመኪናውም አይበጅም፤ ከዳር የቀዳችሁት ውኃ ደለልና አሸዋ ይዞ ነው የሚመጣው።

(ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። ጋሼ እሑዱን ለቀጣዩ እሑድ አዛወሩት። ትናንት ተሳልመው ሲወጡ የግንቦት ዝናብ ወረደ። እዩት፣ ኮፈኑ ላይ ውኃው እንደ ጨሌ ተንከባሎ ሲወርድ፤ ራሳቸው ናቸው በስልካቸው የቀረጹት። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሰፈራቸው ስደርስ ጎረቤታቸው አዲስ መኪና አስገብቶ "ምኑ ይጸዳል?" እያለ አገኘሁት። ጋሼ ምንም አልመለሱለትም። ከኪሳቸው ፌስታል አወጡና እጃቸውን ከተቱ።