ብረት ብረት ነው? ስለ ርካሽና ውድ የሎንግሶርድ አምሳያዎች፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ቅዳሜ መስመሩን የከፈትነው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፦ ሎንግሶርድ ስለሚባለው ሰይፍ። ቀጥ ያለ፣ በሁለት ወገን ስለት ያለው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ የአውሮፓ ተዋጊዎች በተለይ ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ዘመን የታጠቁት ነው። ዛሬ አምሳያው ለሰብሳቢዎች እየተሠራ ይሸጣል፤ ዋጋው ግን ከ60 ዶላር ይነሣና 2,000ን ያልፋል። እኔም ከራሴ ስብስብ ሁለት ሰይፍ፣ አንድ የወጥ ቤት ሚዛንና አንድ ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ይዤ ስቱዲዮ ገባሁ። አዘጋጁ “ለሬዲዮ ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?” ብሎ ሲስቅብኝ ነበር፤ በኋላ ግን ውዱን ሰይፍ ከእጁ ለማስጣል ተቸግረናል። በዕለቱ የመለስኩትን ትንሽ አስፍቼ ጽፌዋለሁ።

ከዳላስ የደወሉ አድማጭ፦ አንዱ 150 ዶላር፣ ሌላው 1,500 ዶላር የሆኑ ሁለት ሰይፎች አየሁ። በፎቶ መንታ ናቸው። ብረት ብረት ነው፤ አሥር እጥፍ የሚያስከፍለው ምንድን ነው?

ብረት ብረት ነው ያሉት ከሚያስቡት በላይ ልክ ነው። በ300 እና በ400 ዶላር የሚሸጡት ደህና ሰይፎች ብዙ ጊዜ 1065 ወይም 5160 ከሚባል ብረት ይሠራሉ። 5160 እኮ በእኛ አነጋገር ባሌስትራ ነው። ከሰላ ውስጥ የሱዳን አንጥረኞች ከአሮጌ ላንድሮቨር ባሌስትራ ቀጥቅጠው የሚያወጡት ቀጥ ያለ ሰይፍም የዚሁ ብረት ዘመድ ነው። የ1,500 ዶላሩ ሰይፍም ከሰማይ የወረደ ብረት የለውም። ስለዚህ ልዩነቱን ከብረቱ ዓይነት አይፈልጉት።

እስቲ ካሊፐሩ ይናገር። ርካሹን ከመስቀሉ (ከእጀታው በላይ አግድም ከተገጠመው ብረት) ሥር፣ ስለቱ ከሚጀምርበት ላይ ለካሁት፦ 5 ሚሊ ሜትር። ከጫፉ አንድ ስንዝር መለስ ብዬ ለካሁት፦ 4.6። ውዱ ከሥሩ 6.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከጫፉ ስንዝር ላይ ግን 2.7 ብቻ። ውዱ ከሥሩ ይወፍራል፣ ወደ ጫፉ ሲሄድ ከግማሽ በታች ይሳሳል ማለት ነው። ርካሹ ከላይ እስከ ታች እንደ ማስመሪያ አንድ ዓይነት ነው። ሚዛን ላይ ሳወጣቸው ርካሹ 1.85 ኪሎ፣ ውዱ 1.4 ኪሎ መዘኑ። ጣቴ ላይ ሳስተኛቸው ርካሹ ከመስቀሉ 17 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሚዛኑን ጠበቀ፤ ውዱ 10 ላይ።

ሲይዙት ይህ ምን እንደሚመስል ልንገርዎት። ርካሹን ሰንዝረው ሊያቆሙት ሲሉ እሱ አይቆምም፤ ክብደቱ ያለው ጫፉ ላይ ስለሆነ እጅዎን እየጎተተ ይሄዳል። መጥረቢያ እንደመያዝ ነው። ውዱ ባሰቡት ቦታ ቀጥ ይላል። አዘጋጁ አልለቅም ያለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ርካሾቹን የሚሠሩት ለምን አያሳሱትም? ውፍረቱ እኩል የሆነ ጠፍጣፋ ብረት ገዝቶ የሰይፍ ቅርጽ ቆርጦ ማውጣት ቀላል ነው። ያንን ብረት ደረጃ በደረጃ እያሳሱ መሄድ ግን የሰዓታት ሥራ ነው፤ የሳሳውም ጫፍ ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጣመማል፣ ይቃናል፣ አንዳንዱም ይጣላል። በውድ ሰይፍ ላይ ገንዘብዎ የሚሄደው ተሞርዶ ለተነሣው ብረት ነው። ዊስኮንሲን ውስጥ የሚገኘው አልቢዮን የሚባል ሠሪ ከስዊድናዊው ሰይፍ ሠሪ ከፒተር ዮንሶን ጋር ይሠራል። ዮንሶን ሙዚየም ለሙዚየም እየዞረ እውነተኛዎቹን የጥንት ሰይፎች በየቦታቸው የለካ ሰው ነው። የዚያ ልኬት ዋጋም 1,500ው ውስጥ አለ፣ የአሜሪካ ሠራተኛ ደመወዝም አለ።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ውድ ሻጮች ቅር ቢላቸውም። ከ150 ወደ 350 ዶላር ሲወጡ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ከ350 ወደ 1,500 ሲወጡ ግን ልዩነቱን የሚያየው የለመደ እጅ ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅለው በዓመት አንዴ ለእንግዳ የሚያወርዱት ከሆነ የ1,150 ዶላሩ ልዩነት ቢቀርዎት አይቆጭዎትም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ የደወሉ እናት፦ ለልጄ ልደት በ60 ዶላር ሰይፍ ገዛሁለት። ከጓደኞቹ ጋር ግቢ ውስጥ እየተወዛወዙበት ነው። ስለት የለውም፤ ችግር ይኖረው ይሆን?

እማማ፣ ስልኩን እንደዘጉ ይንጠቁት። ስለት የሌለው መሆኑ አያድነንም፤ አደጋው የሚመጣው ሲሰበር ነው።

ይህን የምለው በራሴ ደርሶ ነው። የመጀመሪያ ሰይፌን 80 ዶላር አውጥቼ ከአንድ የገበያ ማዕከል ገዛሁ። ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ግቢዬ ውስጥ ደርድሬ መቁረጥ ጀመርኩ። ሦስተኛው ጠርሙስ ላይ እጄ በድንገት ቀለለኝ፤ የቀረኝ እጀታው ብቻ ነበር። ስለቱን ያገኘሁት የጎረቤቴ አጥር ላይ ተሰክቶ ነው። ከአጥሩ ማዶ የልጆች ዥዋዥዌ ነበር፤ ዕድሜ ለትምህርት ሰዓት፣ ማንም አልነበረበትም። እጀታውን ስፈታው ወደ ውስጥ የሚገባው የስለቱ ጅራት ውፍረቱ የእርሳስ ያህል የሆነ ብሎን ነው፤ እሱንም ከስለቱ ጋር ያገናኘችው አንዲት የብየዳ ጠብታ ናት።

ከ100 ዶላር በታች የሚሸጡት አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው። ስለታቸውም እስቴንለስ ነው። እስቴንለስ ለሽንኩርት ቢላዋ ጥሩ ብረት ነው፤ ወደ አንድ ሜትር ሲረዝም ግን ምት ሲያገኘው ከመጉበጥ ይልቅ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። የልጅዎን ሰይፍ በግራ እጅዎ ይያዙና በቀኝ ቡጢዎ እጀታውን መታ መታ ያድርጉት። የሚንኳኳ ነገር ከሰሙ፣ ወይም ከእጀታው ጫፍ ያለው ድብልብል ብረት በእጅ ሲጠመዘዝ ከተፈታ፣ ነገሩ ጌጥ ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ እዚያ ያምርበታል። ልጁ መጫወት ከፈለገ ለልምምድ የሚሠሩ የናይለን ሰይፎች አሉ፤ እሱም ቢሆን የፊት መከላከያ ጭንብል ተደርጎ።

ከሙኒክ የደወለ ወጣት፦ 400 ዩሮ አለኝ። ለግድግዳ ሳይሆን እውነተኛውን የሚመስል እፈልጋለሁ። የትኛውን ልግዛ?

በዚህ ዋጋ ሁሉም ሠሪ አንድ ነገር ቆርጦ ያስቀራል። ምን እንደቀረብህ አውቀህ ግዛ።

የሕንዱ ዊንድላስ፣ ደህራዱን የሚገኘው፣ ብረቱ ደህና ነው፤ ቀላልም ነው። ስለቱ ግን አንዳንዴ በጣም ይወዛወዛል፤ ተስሎ ሲመጣም ስለቱ ደነዝ ይላል። የቻይናው ሃንዌይ አሜሪካዊው ሰይፍ ሠሪ ቲንከር ፒርስ የነደፋቸውን ይሸጣል። እነዚህ ሲይዟቸው ሕይወት አላቸው። እጀታቸው በዳዶ የሚታሰር ስለሆነ የጥንቱን መልክ ለሚፈልግ ዓይን ይጎረብጣል፤ በጥንቶቹ ላይ የስለቱ ጅራት ጫፍ ድብልብሉን አልፎ ወጥቶ እንደ ሚስማር ራስ ይቀጠቀጥ ነበር። ለእኔ ግን ዳዶው ጥሩ ጎን አለው፦ እጀታው ሲላላ ቤት ውስጥ ታጠብቀዋለህ። ሌላው የቻይና ሠሪ ኤልኬ ቼን ቅድም ያወራነውን የውፍረት መሳሳት በዚህ ዋጋ በትክክል ከሚሠሩት ጥቂቶች አንዱ ነው። ቆዳውና አፎቱ ላይ ደግሞ ብዙም አትጠብቅ።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ኤልኬ ቼንን እገዛ ነበር። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚልክ ሱቅ ካዘዝክ ግን የጉምሩክ ቀረጥና 19 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ እንደሚመጣብህ አስብ፤ 400ው ቶሎ ያልቃል። የጣሊያኑ ዴል ቲን፣ ማኒያጎ ከተማ ያለው፣ ከጉምሩክ ነጻ ይሆንልሃል።

ማንንም ሻጭ ከመክፈልህ በፊት ክብደቱን፣ ሚዛኑ ከመስቀሉ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንደሆነ፣ ውፍረቱን ከሥር ከመሐልና ከጫፍ፣ እጀታው በምን እንደታሰረ ጠይቀው። “የጦር ሜዳ ጥራት” ብሎ ቁጥሩን ካልነገረህ ቁጥሩን ስለማይወደው ነው።

ከለንደን የደወሉ አድማጭ፦ የአያቴ ጎራዴ አለኝ። ስለቱ ላይ አንበሳ ተቀርጿል። አንድ ሰው አይቶት “ይሄማ የፈረንጅ አምሳያ ነው፣ ዋጋ የለውም” አለኝ። እውነት ነው?

ከርዕሳችን ትንሽ ቢወጣም በጣም የወደድኩት ጥያቄ ነው። ስለቱ የፈረንጅ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ የለውም ማለት ግን ስሕተት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና ከዚያም በኋላ የይሁዳ አንበሳና የአማርኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ስለቶች በጀርመኗ ዞሊንገን እየተሠሩ ወደ አገራችን ይገቡ ነበር። እጀታና ሰገባ ይገጠምላቸው የነበረው አገር ቤት ነው። ያ አምሳያ አይባልም፤ የዘመኑ ንግድ ነው። የዞሊንገን ሰዎች ራሳቸው ድሮ የፓሳው አንጥረኞች ስለታቸው ላይ የሚቀርጹትን የሚሮጥ ተኩላ ምልክት ይቀዱ ነበር። ያ ተኩላ እየተቀዳ እየተቀዳ ሱዳን ሰይፎች ላይ ሳይቀር ደርሷል። ብራንድ መቅዳት ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስልዎት።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንበሳውን “ላብራው” ብለው እንዳይፈትጉት፤ ቅርጹ ጥልቀት ስለሌለው በአንድ ከሰዓት ይጠፋል። ሁለተኛ፣ እጀታው ቀንድ ከሆነ የአውራሪስ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ጎራዴዎች ብዙዎቹ ናቸው። የአውራሪስ ቀንድ ያለ ልዩ ፈቃድ አይሸጥም፣ ድንበርም አይሻገርም።

ሕጉን በተመለከተ፣ በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ ስለቱ 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ጠማማ ሰይፍ ክልከላ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ1954 በፊት ለተሠራ ወይም በባህላዊ መንገድ በእጅ ለተሠራ ግን ሕጉ በር ትቷል፤ የአያትዎ በዚያ በር የሚያልፍ ይመስላል። ቀጥ ያለው ሎንግሶርድ በዚህ ክልከላ ውስጥ አይገባም። ይዞ መንገድ መውጣት ግን ሁለቱም ያሳስራሉ።

ከሐዋሳ በጽሑፍ የደረሰ፦ እነዚህ ሰይፎች 10 ኪሎ ይመዝኑ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አይደለም። አብዛኞቹ ከ1.1 እስከ 1.8 ኪሎ ናቸው። ለሰልፍና ለሥነ ሥርዓት የተሠሩ ግዙፎች ነበሩ፤ እነሱን ያየ ሰው ነው ወሬውን ያበዛው። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከዶርዶኝ ወንዝ 80 ያህል የ15ኛው መቶ ዘመን ሰይፎች አንድ ላይ ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1453 የካስቲዮን ጦርነት ከተደረገበት ብዙም ሳይርቅ። ሰው ቀኑን ሙሉ የሚታጠቃቸው ዓይነት ናቸው።

ከቴል አቪቭ የደወሉ አድማጭ፦ ቤቴ ባሕር አጠገብ ነው። 900 ዶላር የከፈልኩበት ሰይፍ በሁለት ሳምንት ዝገት አበቀለ። ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበሩም፤ እንዲያውም ምልክቱ ደግ ነው። ጥሩ የሰይፍ ብረት ይዝጋል። አፎቱ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር አይደል? ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ የቆዳ ማልፊያው ኬሚካልም ብረት ይበላል። አፎቱን ለብቻ፣ ሰይፉን ለብቻ ያስቀምጡ። የስፌት መኪና ዘይት በጨርቅ ስስ አድርገው ይቀቡት፤ ባሕር ዳር ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ። እንግዳ በጣቱ የነካውን ዕለቱን ይጥረጉት፤ የጣት አሻራ ቅርጹን ሳይለቅ ሲዝግ አይቻለሁ፣ የአጎቴ ልጅ አውራ ጣት እስከ ዛሬ አንዱ ሰይፌ ላይ አለ።

ስሙን ያልነገረን ወጣት፣ መስመሩ ሊዘጋ ሲል፦ ግራኝ ነኝ። ለግራኝ የሚሆን አለ?

ሁለቱም ወገን ስለት ነው፣ መስቀሉም ግራና ቀኙ እኩል ነው፤ ያንኑ ትገዛለህ። ቀበቶውን ስታዝ ብቻ አፎቱ በቀኝ ጎንህ እንዲንጠለጠል ንገራቸው፤ ካልነገርካቸው ለቀኝ እጅ የተሰፋውን ነው የሚልኩልህ።