ቦንድ፣ ኢንሹራንስ እና መወልወያ የያዘችው እህታችን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ የክሊኒንግ ሥራ ለከፈታችሁ፣ ወይም ልትከፍቱ ላሰባችሁ ወገኖቼ ነው የማወራው።

ደንበኛ ሲደውል «ኢንሹራንስ አላችሁ? ቦንድስ?» ይላል። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አንድ አይደሉም።

አገር ቤት የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ተያዥ ታመጣለች አይደል? ዕቃ ቢጠፋ የሚጠየቀው ተያዡ ነው። ቦንድም እንደዚያው ነው። ሠራተኛችሁ ከደንበኛ ቤት ብትሰርቅ ቦንዱን የሰጠው ድርጅት ለደንበኛው ይከፍላል። ከዚያ ግን ብዙውን ጊዜ ዞሮ ገንዘቡን ከእናንተ ይጠይቃል። የሚጠብቀው ደንበኛውን ነው፣ እናንተን አይደለም። ብዙ የጽዳት ቦንዶች ደግሞ ሌብነቱ በፍርድ ቤት ካልተረጋገጠ አይከፍሉም። ይህን ደንበኞች አይወዱትም። እኔ ግን ደስ ይለኛል። ቀለበት ሲጠፋ ጣት መጀመሪያ የሚቀሰረው ቤቱን ባጸዳችው ሴት ላይ ነው። ቀለበቱ ኋላ ከሶፋ ሥር ሲገኝ ይቅርታ የሚላት ስንቱ ነው?

ጄኔራል ላያቢሊቲ የሚባለው ኢንሹራንስ ሌላ ነው። በሥራችሁ ምክንያት የውጭ ሰው ሲጎዳ ወይም ንብረት ሲበላሽ ይከፍላል። እርጥብ ወለል ደንበኛውን ቢያዳልጠው፣ ወይም የመጥረጊያው እንጨት ቴሌቪዥን ቢጥል ማለት ነው። የቢሮ ሕንፃዎች ብዙ ጊዜ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን፣ ለዓመቱ በጠቅላላ 2 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን ይጠይቃሉ። ግን ውሉን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ብዙ ውሎች የምትሠሩበትን ዕቃ ራሱን አይሸፍኑም። የእብነ በረድ ጠረጴዛ አሲድ ባለው ማጽጃ ሲጠረግ ቢበላሽ ክሌሙ፣ ማለት የካሳ ጥያቄው፣ ውድቅ ሊሆን ይችላል። የደንበኛ ቁልፍ ሲጠፋ የሚከፍለው ሽፋንም ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚገዛ ነው። ስለነዚህ ኤጀንታችሁን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ለሥራ የምትነዱት መኪናም እንዲሁ ነው፣ የግል ኢንሹራንሳችሁ የሥራ ጉዞን ላይሸፍን ይችላል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ደንበኛው ስለ ቤቱና ስለ ዕቃው ይጠይቃል። ባልዲ ተሸክማ ደረጃ ስለምትወጣዋ እህታችን የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። የእሷ ኢንሹራንስ ወርከርስ ኮምፕ ነው። ሥራ ላይ ስትጎዳ ሕክምናዋን ይከፍላል። መሥራት ስታቅታት ደግሞ ከደመወዟ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይሰጣታል፣ በሕግ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ። ሜሪላንድና ዲሲ ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ብትኖራችሁም በሕግ ግዴታ ነው። ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2 በላይ ሠራተኛ ሲኖር፣ ሙሉ ሰዓት የማይሠሩ ፓርት ታይም ሠራተኞችም ይቆጠራሉ።

«እሷ እኮ ቴን ናይንቲ ናይን ናት» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፣ ተቀጣሪ ሳትሆን ለራሷ የምትሠራ ኮንትራክተር ናት ለማለት ነው። ሰዓቷን የምትወስኑት እናንተ ከሆናችሁ፣ ዕቃውን የምትሰጡት እናንተ ከሆናችሁ፣ የምትሠራውም ለእናንተ ብቻ ከሆነ፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው አያድናችሁም። ሕጉ ሠራተኛችሁ ናት ሊል ይችላል። «ኤልኤልሲ አለኝ»፣ ማለት የተመዘገበ ድርጅት አለኝ ማለትም የሆስፒታል ቢል አይከፍልም።

የእኛን ነገር ከባድ የሚያደርገው ይሉኝታ ነው። የምንቀጥረው የቤተ ክርስቲያን ወዳጃችንን፣ የአክስታችንን ልጅ፣ የጎረቤታችንን ሚስት ነው። ስትወድቅ «ደህና ነኝ» ትላለች። ወገቧን ይዛ ሥራዋን ትጨርሳለች። ሥራ የሰጠኝን ሰው እንዴት ልክሰስ ትላለች። ቀኑ ግን ይሄዳል። አደጋውን ለአሠሪ የማሳወቂያው ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ 10 ቀን፣ ቨርጂኒያ ውስጥ 30 ቀን ነው። እሷ አፍራ ዝም ባለችበት መብቷ አደጋ ላይ ይወድቃል። የመኖሪያ ወረቀቷ ያላለቀላት ደግሞ ከሁሉም በላይ ትፈራለች። በሦስቱም ቦታ ግን ወረቀት የላትም ተብሎ ብቻ ካሳ የመጠየቅ መብቷ አይከለከልም። ይህን ሊነግራት የሚገባው ሌላ ሰው አይደለም፣ አሠሪዋ ነው።

ለዚህ ነው እኔ አዲስ ሰው ስቀጥር ስለ ሳሙናና ስለ ቫኪዩም ከማስረዳቴ በፊት ቁጭ ብለን የምናወራው። «ብትወድቂ፣ እጅሽን ኬሚካል ቢያቃጥልሽ፣ በዚያው ቀን ንገሪኝ። ስትነግሪኝ ልትከሺኝ አይደለም። በየወሩ የምከፍለው ለዚሁ ነው» እላታለሁ። በአማርኛ፣ በግልጽ። አንዳንዷ መጀመሪያ አታምነኝም። የኢንሹራንሱን ወረቀት አሳያታለሁ፣ የሚደወልበትን ቁጥር ስልኳ ላይ አስቀምጥላታለሁ።

ዋጋውን አውቃለሁ፣ ለጀማሪ ይከብዳል። ክፍያው የሚሰላው በምትከፍሉት ደመወዝና በሥራው ዓይነት ነው። ስለዚህ ለደንበኛ ዋጋ ስትሰጡ ከመጀመሪያው አስገቡት። በስኩዌር ፊትም በሰዓትም አስሉት፣ ውስጡ ይኑር። ዋጋ ሰብሮ ሥራ የሚወስድባችሁ ሰው ይኖራል፣ ይውሰድ።

ጥያቄ ያላችሁ በድምፅ ላኩልኝ፣ በተለይ ኮንትራት ልትፈርሙ የተቃረባችሁ። ደህና ሰንብቱ።