የጎፋ ሟቾች ምን በደሉ?

ክቡራን የሃይማኖት አባቶች፣ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፤

እዚህ አራት ኪሎ የተሰባሰብነው ስለ ተፈጥሮ አደጋ ልንነጋገር ነው፤ እኔ ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ስለሚነገረው ቃል እንድናገር ፍቀዱልኝ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከባድ ዝናብ ያራሰው ተዳፋት ተደርምሶ ቤተሰቦችን ሲቀብር፣ የአካባቢው ሰው የተቀበሩትን ለማውጣት አካፋ ያለው በአካፋ፣ የሌለው በባዶ እጁ ይቆፍር ጀመር፤ በዚህ መሃል ሁለተኛው ናዳ ወርዶ እነርሱንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ። ለእርዳታ ሮጠው ከሞቱት መካከል መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። አስከሬን ተፈልጎ ሳያልቅ ግን «የኃጢአታችን ብዛት ነው» ሲባል ሰማን።

የትኛው ኃጢአት? ጎረቤቱን ሊያወጣ የሮጠ ሰው ያደረገው ሃይማኖቶቻችን ሁሉ የሚያዙትን ነው። ልጇን ላጣች እናት ይህንን መናገርማ፣ በሐዘኗ ላይ ጥፋተኝነት መጫን ስለሆነ፣ ጭካኔ ነው።

የተዳፋት አፈር ውኃ ሲጠግብ ይከብዳል፤ በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውኃም እርስ በርስ የተያያዙበትን ኃይል ያላላል፤ የዛፍ ሥር በሌለበት ደግሞ ይብሳል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አዋሽ ፈንታሌን ያናወጠው፣ እዚህም ፎቅ ላይ የምንኖረውን በሌሊት በነጠላ ወደ ደጅ ያስወጣን ርዕደ መሬት የመነጨው በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ከምድር በታች ሰርጎ ከገባ ቅልጥ ዓለት ነው። ስምጥ ሸለቆው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ጀምሮ እየተከፈተ ነው፤ ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊሜትር ይከፈታል።

ይህ እምነትን መንካት የሚመስለው ካለ፣ እዚሁ አራት ኪሎ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያውን ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን እንደነበሩ ያስብ። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬ ተንቀጥቅጦ ማጀቴ ሲፈርስ ካህኑ ያጠኑት መንቀጥቀጡን ነው። በወንጌልም የሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተነግሯል። እዚያው ላይ የንስሐ ጥሪ እንደሚከተል አውቃለሁ፤ ጥሪው ግን በሕይወት ለቆሙት ሰሚዎች ነው እንጂ በሞቱት ላይ የተፈረደ ፍርድ አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ፣ ምክንያቱ ኃጢአት ነው ከተባለ ተጠያቂ መጥፋቱ ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ለአሥርት ዓመታት የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ በዚህችው ከተማ ከ100 በላይ ሰው ሲገድል፣ መጠየቅ የነበረበት ክምሩ ለምን እስከዚያ ድረስ ከፍ እንዳለ፣ ሰዉስ ለምን ከሥሩ እንዲኖር እንደተተወ ነው። ፎቅ ሲሠራም የዓምዱ ፌሮ በሕጉ መሠረት መታሰሩን የሚያጣራ ሰው ያስፈልገናል።

የሃይማኖት አባቶች ሆይ፣ ሕዝቡ ከእኛ ከባለሙያዎቹ ይልቅ እናንተን ይሰማል። ክረምት ሲገባ፣ ተዳፋቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ሲታይ፣ ዛፍና አጥር ሲያዘነብል፣ ጥሩ የነበረው የምንጭ ውኃ በድንገት ሲደፈርስ፣ ሌሊትም ቢሆን ልጆቹን ይዞ ከዚያ ቦታ እንዲርቅ ንገሩልን።