ፊልሙ ላይ ማን ሳቀ?

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። አንድ ፊልምና ፊልሙን አብረውኝ ያዩ ሰዎች ከጭንቅላቴ አልወጣ ስላሉኝ ስለነሱ ላወራችሁ ነው።

ጉዳዩ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችና የትራንስ ሰዎች፣ ማለትም ሲወለዱ ከተባሉት ጾታ በሌላው የሚኖሩ ሰዎች ኑሮ ነው፤ አንዳንዶቻችሁን እንደማይመቻችሁ አውቃለሁ። አገር ቤት በሕግ ያስቀጣል፣ በቤተሰብም ያስወግዛል። ቢሆንም እዚሁ አሜሪካ ስንኖር ጎረቤቶቻችን ምን እንዳሳለፉ አለማወቅ ደስ አይለኝም። እስቲ ትንሽ ታገሱኝ።

ፊልሙ «ፓሪስ ኢዝ በርኒንግ» ይባላል። ከፈረንሳይ ጋር ግን ምንም አያገናኘውም። ስሙ የተወሰደው ፓሪስ ዱፕሪ የሚባል ሰው ኒውዮርክ ላይ ያዘጋጅ ከነበረው ዓመታዊ ድግስ ነው። ጄኒ ሊቪንግስተን በ1980ዎቹ ቀረጸችው፣ በ1990 ወጣ፣ በ1991 ደግሞ ሰንዳንስ በሚባለው የፊልም ፌስቲቫል ላይ በዘጋቢ ፊልም ትልቁን ሽልማት ወሰደ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ። እኔ ያየሁት እዚህ ዋሽንግተን በአንድ የሰፈር አዳራሽ ነው። ታጣፊ ወንበር፣ ግድግዳ ላይ የተወጠረ ነጭ ጨርቅ፣ የነጻ ፋንዲሻ።

ፊልሙ የሚያሳየው «ቦል» የሚባለውን፣ ሌሊት አዳራሽ ተከራይተው የሚያካሂዱትን ውድድርና ድግስ ነው። በፊልሙ ዘመን ዋናው ቦታ የኒውዮርኩ ሃርለም ሰፈር ነበር። ተወዳዳሪዎቹ በአብዛኛው ጥቁሮችና ላቲኖዎች ናቸው፤ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ወንዶች፣ ትራንስ ሴቶች። ብዙዎቹ ገና በልጅነታቸው ከቤት የተባረሩ። ስለዚህ «ሃውስ» ማለትም ቤት የሚሉትን እንደ ቤተሰብ ያለ ስብስብ መሠረቱ። እናት አለው፣ አንዳንዴ አባትም አለው፣ ልጆቹ በቤቱ ስም ይጠራሉ። ፔፐር ላቤይጃ፣ አንጂ ኤክስትራቫጋንዛ፣ ዊሊ ኒንጃ፤ ሁሉም የቤት አለቆች ነበሩ። ማዶና በ1990 በዓለም ያዳረሰችው ቮግ የሚባለው ዳንስም የነሱው ነው።

ውድድሩ በየምድቡ ነው፣ ዳኞች እስከ 10 ይሰጣሉ። እኔን የያዘኝ «ሪያልነስ» የሚሉት ምድብ ነው። ላባና ብልጭልጭ አይፈልግም። ተወዳዳሪው ሱፉን ለብሶ፣ ክራቫቱን አስሮ፣ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ይመስላል። ወታደር ወይም ተማሪ የሚመስልም አለ። ጥያቄው አንድ ነው። ይሄ ሰው አሁን ወደ ውጭ ቢወጣ ማንም ሳይነቃበት ባቡር ተሳፍሮ በሰላም ቤቱ ይገባል? ከተነቃበት ዱላ አለ።

እዚህ ቦታ ላይ አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያሉት ሳቁ። ፊት ወንበሮች ላይ ድሮ ቦል ላይ የተወዳደሩ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፣ እነሱ አልሳቁም። «አስር! አስር!» እያሉ ለተወዳዳሪው ነጥብ ይሰጣሉ! እንደ ዳኛ ነው የሚያዩት፤ ጫማው፣ አረማመዱ፣ የትከሻው አያያዝ።

ቬነስ ኤክስትራቫጋንዛ ስትመጣ ደግሞ ሌላ ሆነ። ቬነስ ልጅ ናት፣ ቀጫጫ፣ አፏ የሚጣፍጥ። የምትመኘውን ትዘረዝራለች። ሀብታምና ቅምጥል ነጭ ልጅ መሆን፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነጭ ለብሳ ማግባት። ከኋላ አሁንም ሳቅ። ከፊት ግን ዝም። በታኅሣሥ 1988፣ ፊልሙ ሳያልቅ፣ ኒውዮርክ ሆቴል ውስጥ ተገድላ እንደተገኘች ያውቃሉ። 23 ዓመቷ ነበር። ሳቂዎቹ ይህን የሰሙት ወደ መጨረሻው አካባቢ አንጂ ስትናገር ነው።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ጸሐፊ ቤል ሁክስ ያኔውኑ ይህን ነገር አንስታው ነበር። እሷን ያሳዘናት ቦታ ላይ በዙሪያዋ ያሉት ነጮች ሲዝናኑ አይታ ተናዳለች። በዚህ እስማማለሁ። ፊልሙ የነጭ ሀብታሞችን ኑሮ እንደ ገነት ያሳያል ስትል ግን አልከተላትም።

አብሮኝ የሄደው ጓደኛዬም ጠጋ ብሎ «ቆይ፣ የሌለህን ሥራ መስሎ መታየት ምን ይጠቅማል?» አለኝ።

«አንተ አሜሪካ እንደገባህ ለእናትህ የላክሃት ፎቶ ላይ የተደገፍካት መኪና የማን ነበረች?» አልኩት።

ሳቀ። የማን እንደነበረች እስካሁን አልነገረኝም። ግን ከዚያ በኋላ ጥያቄ አላበዛም።

ፊልሙ ሲያልቅ ውይይት ነበር። እውነቱን ለመናገር እንደዚህ ዓይነት ውይይት ላይ ብዙ ጊዜ ሾልኬ ነው የምወጣው። የዚህኛው ግን ያዘኝ፣ ምክንያቱም ወሬው ቀጥታ ገንዘብ ላይ ገባ። ፊልሙ ሲኒማ ቤት ገብቶ ሚሊዮኖች ሲያመጣ ባለታሪኮቹ ምን አገኙ? ከፓሪስ ዱፕሪ የ40 ሚሊዮን ዶላር ጥያቄ ቀርቦ ነበር፣ የፈቃድ ወረቀት ስለተፈረመ ግን የትም አልደረሰም። በመጨረሻ ወደ 55 ሺህ ዶላር ለ13 ሰዎች ተከፋፈለ። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። ከባለታሪኮቹ መካከል ዶሪያን ኮሪና አንጂ በ1993 ሞቱ፣ ዊሊ ኒንጃ በ2006።

ሕጉ ወረቀቱን ነው የሚያየው፣ ይገባኛል። ፊልሙም ባይሠራ ኖሮ ዛሬ የቬነስን ድምፅ የት እንሰማው ነበር? ሁለቱንም ይዤ ነው የወጣሁት። ግን ፊልሙን ዛሬ የሚያሳይ ሰው ቢያንስ ባለቤቶቹን መጥራት አለበት። በ2015 ብሩክሊን ፕሮስፔክት ፓርክ ውስጥ በነጻ ሊታይ ሲል መጀመሪያ የወጣው ፕሮግራም ላይ አንድም የቦል ሰው አልነበረም። ተቃውሞ ተነሣ፣ አዘጋጆቹም ፕሮግራሙን ቀየሩ። የኛዎቹ አዘጋጆች ከዚያ የተማሩ ይመስለኛል። ማይኩን መጀመሪያ የሰጡት ለፊት ወንበሮቹ ነው።

አንዷ ተነሥተው ስለ ዊልያም ዶርሲ ስዋን አወሩ። ሜሪላንድ ውስጥ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። በ1880ዎቹ እዚሁ ዋሽንግተን ወንዶች ቀሚስ ለብሰው የሚጨፍሩበት ድግስ ያዘጋጅ ነበር። በ1888 ፖሊስ ድግሱ ላይ ደርሶ ያዘው። በ1896 ደግሞ ሲታሰር ለፕሬዝዳንት ክሊቭላንድ የይቅርታ ማመልከቻ አስገባ፣ ተከለከለ። አሁን ስዋን ስትሪት መታሰቢያው ሆኗል። ስንቶቻችን ነን ከዩ ስትሪት እንጀራችንን በልተን፣ ፓርኪንግ ስንፈልግ እዚያ መንገድ ላይ የዞርነው!

በሚቀጥለው «ዘ ክዊን» የሚባለውን የ1968 ፊልም ያሳያሉ፣ እሄዳለሁ። ክሪስታል ላቤይጃ በ1967ቱ የቁንጅና ውድድር ዳኝነቱ አድሏዊ ነው ብላ በቁጣ መድረኩን ጥላ ስትወጣ እዚያ ላይ አለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የላቤይጃን ቤት ያቋቋመችው እሷ ናት፣ ፔፐር የወረሰችውም ያንን ቤት ነው። ሁለቱንም ለማየት ካሰባችሁ ከ«ዘ ክዊን» ጀምሩ። ክሪስታልን አስቀድማችሁ ካያችሁ ፔፐር ለምን እንደዚያ ደረቷን ነፍታ እንደምትናገር ይገባችኋል።