ከሮን አፍ የተወሰዱ ቃላት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው እዚሁ ሐዋሳ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት አልፏል። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ፤ የባጃጅ ድምፅ ከገባ ግን ይቅርታ አድርጉልኝ።

ባለፈው እሁድ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወርደን ነበር። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ዓሣ ነው። ሾርባችንን ይዘን ጥብሱን እየጠበቅን ነው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ልማዳቸው ከዳር ቆመው ትርፍራፊ ይጠባበቃሉ። ወሬያችን ወደ ሃሪ ፖተር ሄደ፤ ሃሪ፣ ሮንና ኸርማዮኒ የሚባሉ ሦስት ጓደኛሞች አስማት ትምህርት ቤት ስለሚማሩበት ታሪክ። መጨረሻ ላይ ኸርማዮኒ የምትሆነው ለሮን ነው። መጽሐፎቹ ለቴሌቪዥን በተከታታይ ድራማ መልክ እንደ አዲስ እየተሠሩ ነው። እሱም ይህን ሰምቶ የድሮዎቹን ፊልሞች እንደገና አይቷቸዋል፤ ስምንቱንም። እና ማንኪያውን አስቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ «እኔ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ኸርማዮኒ ለሃሪ ነበር የምትሆነው። ሮን ምን አለው?»

ሮን ምን አለው! ሾርባዬ ቀዘቀዘ። ዓሣው መጥቶ፣ ተበልቶ፣ ቡና ጠጥተን፣ በሐይቁ ዳር እስከ ፍቅር ሐይቅ በእግራችን ስንሄድ ክርክሩ አላቆመም። ቤት ከገባሁ በኋላም አልለቀቀኝም። ማይክ የከፈትኩት ለዚህ ነው።

መጀመሪያ እኔና እሱ ታሪኩን እንዴት እንዳገኘነው ልንገራችሁ።

እኔ በመጽሐፍ ነው ያገኘሁት። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አንድ አስተማሪያችን ሦስተኛውን መጽሐፍ አዋሱኝ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በፕላስተር ተለጥፏል። አንደኛውንና ሁለተኛውን አላነበብኩም፤ ከመሃል ነው የገባሁት። እንግሊዝኛው ከብዶኝ ነበር። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አድርጌ በቀን አራት አምስት ገጽ እሄዳለሁ። ሰው እንደዚያ ቀስ ብሎ ሲያነብ አንዲትም ዓረፍተ ነገር አታመልጠውም።

ወንድሜ በስድስት ዓመት ያንሰኛል። እሱ በዓይኑ ነው ያገኘው። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበረ። አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ የተሰቀለ ብርድ ልብስ፣ መግቢያ 1 ብር። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚተረጉም ሰው የለም። ልጆቹ ቋንቋውን ሳይሰሙ ያዩታል። ማን ማንን እንዳየ፣ ማን የማንን እጅ እንደያዘ፣ ማን ማን ላይ እንደተጠመጠመ። ፍቅሩን የሚያውቁት በዚያ ነው።

በዓይን ብቻ ከተፈረደ ደግሞ ወንድሜ ልክ ነው። ሁለተኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ኸርማዮኒ ድና ወደ ምግብ አዳራሹ ትገባለች። ሮጣ ሃሪ ላይ ትጠመጠማለች። ወደ ሮን ስትዞር ሁለቱም ያመነታሉ፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው ይለያያሉ። መጨባበጡ መጽሐፉ ላይ የለም፤ የፊልሙ ነው። ወንድሜ «አየሽ ማንን እንዳቀፈች?» ይለኛል። እኔ ግን መጨባበጡን ነው የምወደው። ሰው የሚያፍረው ማንን ነው? ሃሪን እንደ ወንድሟ አቀፈችው። ሮን ጋ ስትደርስ እጇን ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

ፊልሞቹ ሁሌ እንዲህ ቢሆኑ አልከራከርም ነበር። ነገሩ የተበላሸው ሦስተኛው ላይ ነው። የኔው መጽሐፍ ላይ።

ቦታውን ላሳያችሁ። ሉፒን የሚባለው መምህር ታሟል፤ ስኔፕ የሚባል ሌላ መምህር ተክቶት ገብቷል። በጨረቃ ወደ ተኩላነት ስለሚለወጥ ሰው ይጠይቃል። ኸርማዮኒ እጇን ታወጣለች። እንዳላያት ያልፋታል። እንደገና ታወጣለች። ሳይፈቅድላት ስትመልስ፣ አላስችል ያለች ሁሉን አውቃለሁ ባይ ብሎ ክፍሉ መሃል ያዋርዳታል። ፊቷ ይቀላል። እጇን ታወርዳለች። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ወለል ወለሉን ታያለች። መጽሐፉ እዚህ ላይ አንድ ነገር ይነግረናል። እዚያ ክፍል ውስጥ እሷን ቢያንስ አንዴ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ብሎ ያልሰደበ ተማሪ የለም። ሮን ራሱ በሳምንት ሁለቴ ይላታል። ያን ቀን ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገረው ሮን ነው። ጥያቄ ጠየቁን፣ እሷ መልሱን ታውቀዋለች፣ እንዲነገርዎት ካልፈለጉ ለምን ይጠይቃሉ? ነው ያለው። ክፍሉ ጭጭ ይላል። ቅጣቱ ወዲያው ይመጣል፦ የሕክምና ክፍሉን ፖፖዎች ማጠብ። በእጁ። ያለ አስማት።

እኔም እጅ የማወጣ ተማሪ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ መምህር «አንቺ ደግሞ አረፍ በይ፣ ሌላ ተማሪ የለም እንዴ?» ብሎኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የሚናገርልኝ አንድ ሰው አልነበረም። ያቺን ገጽ ሳነብ ይህ ትዝ ብሎኝ መጽሐፉን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። ከዚያ መልሼ አነበብኳት። ሮንን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ፊልሙ ላይስ? ስኔፕ ይህንኑ ይላታል። ሮን ደግሞ «እውነቱን እኮ ነው» ይላል።

በቃ። አንዲት መስመር ናት። ግን ልጁን ከጓደኛው ጎን አንስታ ከሳቁት ጋር አስቀመጠችው።

እዚያው ሦስተኛው ላይ ሌላም አለ። ሮን እግሩ ተሰብሯል። ሊገድላቸው የመጣ የመሰላቸው ሰው ፊታቸው ቆሟል። መጽሐፉ ላይ ሮን በተሰበረ እግሩ ሊቆም እየታገለ፣ ሃሪን ልትገድል ከፈለግህ እኛንም መግደል አለብህ ይላል። ፊልሙ ይህን ንግግር ለኸርማዮኒ ሰጠው። ሮን ያቃስታል። በመጀመሪያው መጽሐፍም የሚተበትበው ተክል ሲይዛቸው የምትደነግጠው ኸርማዮኒ ናት፤ እሳት ማስነሳት እንደምትችል ረስታ እንጨት የለም ትላለች። ጮሆ የሚያስታውሳት ሮን ነው። ፊልሙ ላይ እሷ ረጋ ትላለች፣ ሮን ይንፈራገጣል። ሁለተኛው ላይ «ደመ ቆሻሻ» የሚለውን ስድብ የሚያብራራው ሮን ነበር። እውነትም እሱ ነው ማወቅ ያለበት፤ ጠንቋዮች መሃል ተወልዶ ያደገው እሱ ነው። እሷ ከውጭ ስለመጣች ቃሉን ሰምታው አታውቅም። ፊልሙ ግን እሷ ራሷ እንድታብራራው አደረገ።

እንግዲህ ቁጠሩት። ብልሃቱ ሄደ። ድፍረቱ ሄደ። የአገሩን ነገር ማወቁም ሄደ። የቀረው የሚበላ፣ የሚፈራና የሚያስቅ ልጅ ነው። ወንድሜ «ሮን ምን አለው?» ማለቱ ሲያንሰው ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብዙ አስቤበታለሁ። ከስምንቱ ፊልሞች የሰባቱን ጽሑፍ የጻፈው ስቲቭ ክሎቭስ ነው። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ገጸ ባሕርይ ኸርማዮኒ እንደሆነች ራሱ ተናግሯል። አልፈርድበትም፤ እኔም እወዳታለሁ። የሚወዱትን ልጅ ማጉረስ ያለ ነው። ደግሞ ፊልም ጊዜ የለውም። አምስተኛው መጽሐፍ በእንግሊዝ እትሙ 766 ገጽ ነው፤ ፊልሙ 2 ሰዓት ከ18 ደቂቃ። አንዷ አዋቂ፣ አንዱ ደፋር፣ አንዱ አስቂኝ ከሆኑ ሥራው ይቀላል።

ሌላም ነገር አለ። ሦስተኛው ፊልም የወጣው በፈረንጆቹ 2004 ነው። ስድስተኛው መጽሐፍ በ2005፣ ሰባተኛው በ2007 ነው የወጡት። ያቺ የሮን መስመር ስትቀየር የሁለቱ ፍቅር የት እንደሚደርስ ገና ታትሞ አልወጣም ነበር። መሠረቱን አንስተው ጨርሰው፣ ቤቱ በኋላ መጣ።

ቤቱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ሰባተኛው መጽሐፍ ላይ፣ ጦርነቱ መሃል፣ ሮን ድንገት አንድ ሰው ረስተናል ይላል። ወጥ ቤት ያሉትን አገልጋይ ፍጡራን ማለቱ ነው። ለኛ ብለው እንዲሞቱ ማዘዝ አንችልም ይላል። ኸርማዮኒ የያዘችውን ሁሉ ጥላ ሮጣ ትስመዋለች። ለምን እንደሳመችው የሚገባው አራተኛውን መጽሐፍ ላነበበ ሰው ነው። እዚያ ላይ እሷ ለእነዚህ ፍጡራን መብት ማኅበር አቋቁማ ነበር። ሮን ይስቅባት ነበር። ሦስት መጽሐፍ ሙሉ ነገሩ ውስጡ ሲብላላ ቆይቶ፣ ሞት በር ላይ ሲደርስ ከራሱ አፍ ወጣ። ፊልሞቹ ማኅበሩን ጨርሶ ስለተዉት መሳሙም ምክንያቱን አጣ። ከመሬት በታች ናቸው፤ ጎርፍ ይመጣባቸዋል፤ ርሰው ይሳሳማሉ። ያምራል። ግን ጎርፉ እንጂ ሮን ምን አደረገ?

ስለ ጂኒ፣ ስለ ሮን ታናሽ እህት፣ ካወራሁ አላቆምም፤ አንድ ነገር ብቻ። መጽሐፉ ላይ ተናጋሪ ናት፤ ሃሪንም አትፈራውም። አምስተኛው ላይ ሃሪ ክፉው መንፈስ ያደረብኝ እኔ ነኝ ብሎ ራሱን ከሰው ሲያገል፣ እኔን ጠይቀኝ እንጂ፣ እሱ አድሮብኝ የሚያውቀው እኔ ነኝ ትለዋለች። ሃሪ ረስቼው ነበር ሲል፣ «ታድለህ» ነው መልሷ። እንዲህ የምትመልስ ልጅ ናት! ስድስተኛው ላይ ጨዋታ አሸንፈው ሃምሳ ያህል ሰው እያየ ነው የሚሳሳሙት። ፊልሙ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማውን ክር ታስርለታለች፤ ሲሳሳሙም ተደብቀው ነው። ብዙ አንባቢ የሚያዝነው ለዚህ ነው። እኔም አዝኛለሁ።

አሁን ለወንድሜ የሚገባውን ልስጠው። ከሁሉ በላይ የሚጠቅሰው ድንኳኑን ነው። ሰባተኛው ታሪክ በሁለት ፊልም ተከፍሎ የመጀመሪያው ክፍል በፈረንጆቹ 2010 ወጣ። ሮን ጥሏቸው ሄዷል። ሃሪና ኸርማዮኒ ብቻቸውን ድንኳን ውስጥ ናቸው። ሬዲዮው ይዘፍናል። ሃሪ ተነስቶ እጇን ይይዛትና ይደንሳሉ። መጽሐፉ ላይ ይህ የለም። እዚያ ሮን ከሄደ በኋላ ሁለቱ ስሙን እንኳ አያነሱም፤ እሷ ሌሊት ሌሊት ስታለቅስ ሃሪ ይሰማታል። ግን ዳንሱን ሳየው ሁሌ ሆዴን ይበላኛል። ቃል የለውም። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ቋንቋ ሳይሰማ ለተቀመጠ ልጅ ከዚህ የበለጠ የገባው ነገር የለም። እኔ ሁለት ጓደኛሞች የተሰበረ ልባቸውን ለአንድ ዘፈን ያህል ሲያሳርፉ አያለሁ። እሱ ፍቅረኞች ያያል። ዳንሱ ሲያልቅ ፊቷ ላይ ያለውን ሐዘን አላየኸውም ወይ አልኩት። «አየሁት፣ ሃሪን ትታ ወደ ሮን ልትመለስ ስለሆነ ነው» አለኝ። ምን ልበለው?

ደራሲዋንም ምስክር አቆመብኝ። በፈረንጆቹ 2014 ጄ. ኬ. ሮውሊንግ ለአንድ መጽሔት ቃለ ምልልስ ሰጥታ ነበር። ጠያቂዋ ኸርማዮኒን ሆና የተጫወተችው ኤማ ዋትሰን ናት። ሮንና ኸርማዮኒን ያገናኘሁት መጀመሪያ እንዳሰብኩት ይሁንልኝ ብዬ ነው እንጂ ለታሪኩ ብዬ አይደለም የሚል ነገር ተናገረች። ወንድሜ ይህን ሲያወጣ ፊቱ በራ። እኔ ደግሞ ያነበብኩት መጽሐፉን ነው አልኩት፤ ቃለ ምልልሱን አይደለም። ያቺ ገጽ አሁንም እዚያው አለች። ልጁ አሁንም ተነስቶ ይናገርላታል።

ይህ ነገር የፈረንጅ መጽሐፍ ላይ ብቻ ያለ አይደለም። እናቴ ሃሪ ፖተርን አታውቅም። ፍቅር እስከ መቃብርን ግን ታውቃለች። መጽሐፉ በእኛ አቆጣጠር በ1958 ነው የታተመው፤ እሷ ግን ያወቀችው ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው። ለእሷ ጉዱ ካሣ መልክ የለውም፤ ድምፅ ነው። ታሪኩ በቴሌቪዥን ተሠርቶ ሲመጣ አብረን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቼ ዞር ስል ዓይኗን ጨፍናለች። የተኛች መስሎኝ ነበር።

«እማዬ፣ አታይም እንዴ?»

«ዝም በይ፣ ድምፁን እየፈለግሁት ነው።»

በኋላ ቡና እያፈላች ስለ በዛብህና ሰብለ አወራችኝ። ፍቅራቸው ቀስ ብሎ ነው የመጣው አለች። መምህሯ ሆኖ ገብቶ፣ ሲያስተምራት፣ ሲያስተምራት። «ዝም ብሎ በመተያየት አልነበረም እኮ» አለችኝ። እኔ አሞራ ገደል ላይ ስንት ሰዓት የደከምኩበትን ነገር እሷ በአንድ ስኒ ጨረሰችው።

ሰኞ ጠዋት ወንድሜን መናኸሪያ ሸኘሁት። ሦስተኛውን መጽሐፍ ቦርሳው ውስጥ ከተትኩለት። የተዋስኩትን መልሼ በኋላ በራሴ ብር የገዛሁት ነው። ያቺን ገጽ አላጠፍኩለትም፤ ራሱ እንዲደርስባት ፈልጌ። አሁን እንግሊዝኛ ይችላል። ማንበብ እንደሚሰለቸው ግን አውቃለሁ፤ እንዲጀምረውም ተስፋ አላደረግሁም ነበር።

ትናንት ማታ ተኝቼ ስልክ ጮኸ። ወንድሜ ነው። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ፖፖውን በእጁ አጠበው?»

«በእጁ።»

«ያለ አስማት?»

«ያለ አስማት።»

ዝም አለ። ገጽ ሲገለጥ በስልኩ ይሰማኛል። «እሺ፣ ደህና እደሪ፣ ልጨርሰው» ብሎ ዘጋው።