የድሮው ሴረም የት ገባ?

የሙያ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? ስለ አዲስ የመተንፈሻ አካል ቫይረስ የአንቲቦዲ ምርመራ ተናገር ተብዬ ነው የቆምኩት። እናገራለሁ። ግን የመጣሁት የድሮ ሴረም (ከደም ተለይቶ የሚቀመጠው ፈሳሽ) ስለሚያዝበት ፍሪዘር ላወራ ነው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አዲስ አበባ ላይ ተገኘ ሲባል የት እንደነበራችሁ አትረሱትም። ያኔ ወሬው ሁሉ ፒሲአር ነበር። ፒሲአር ቫይረሱ አሁን አለ ወይስ የለም ይላል። ታሞ የዳነውን የሚያሳየን ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው አንቲቦዲ ነው፤ እሱም ደም ውስጥ እስኪታይ አንድ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲንጋፖሮች ገና በየካቲት ያገገሙ ሰዎችን ደም መርምረው ሁለት የቤተ ክርስቲያን የስርጭት ሰንሰለቶችን አገናኝተዋል።

ኤላይዛውን (አንቲቦዲን በቀለም ለውጥ የሚያሳየውን የላብራቶሪ ምርመራ) ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቫይረሱ ዘረመል ይፋ እንደሆነ ስፓይክ ፕሮቲኑ (ከቫይረሱ ገጽ ላይ የሚወጣው ሹል ክፍል) ይሠራል፣ ፕሌት (ብዙ ጉድጓድ ያለው የመመርመሪያ ሳህን) ላይ ይለጠፋል፣ ሴረም ይጨመራል፣ ይታጠባል፣ አንቲቦዲ ካለ ቀለሙ ሰማያዊ ይሆናል፣ አሲድ ሲገባ ቢጫ። እዚህ አዳራሽ ፕሌት ያላጠበ የለም። ጥያቄው ግን ምን ያህል ቢጫ ሲሆን ነው ፖዘቲቭ የምንለው? ይህን ወሰን የሚያሰምረው ቫይረሱን በፍጹም ያላገኘ ሰው ደም ነው። ማለትም ወረርሽኙ ሳይመጣ የተቀዳ ደም!

እኛ ነበረን። በሠራሁበት አንድ ቦታ፣ ከቆየ የጉበት በሽታ ቅኝት የተረፈ ሴረም ፍሪዘር ሙሉ ነበር። ቱቦዎቹ ላይ በእጅ የተጻፈው ቁጥር በበረዶ ስር ይነበባል። አንድ ቀን «ቦታ ለማስለቀቅ» የሚል ደብዳቤ መጣ። ተቃወምን፣ ሰሚ አልነበረም። ተጭኖ ወደ ማቃጠያ ሄደ። ፍሪዘሩ ባዶውን ቆመ፤ በኋላ የታሸገ ውሃ ማቀዝቀዣ ሆነ (እውነቴን ነው፣ አትሳቁ)። ወረርሽኙ ሲመጣ ያው ቢሮ «የድሮ ሴረም ያለው ካለ» ብሎ ስልክ መደወል ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

የመመርመሪያ ኪቱ ከውጭ ተፈትኖ መጥቷል የሚለኝ አለ። በማን ደም? ከቤኒንና ከናይጄሪያ የወጡ ጥናቶች ወባ የያዘው ሰው ሴረም ኮቪድ ሳይነካው ፖዘቲቭ ሊወጣ እንደሚችል አሳይተዋል። ተራ ጉንፋን የሚያመጡት አራቱ ኮሮናዎችም ያምታታሉ። ሂሳቡን ደግሞ አብረን እንሥራ። ከ1000 ሰው 50ው ተይዞ ነበር እንበል። ኪቱ 90 በመቶ የተያዘውን ይለያል፣ 95 በመቶ ያልተያዘውን ነፃ ይላል። 45 እውነተኛ ፖዘቲቭ ታገኛላችሁ፣ 47 ወይም 48 ደግሞ ውሸት። ከግማሽ በላዩ ውሸት! በዚህ ውጤት ነው «ተይዘህ ድነሃል፣ ሥራ ግባ» ልንል የነበረው?

ስለ ፈጣኖቹ ኪቶች ብዙ አልልም። እንግሊዝ በሚሊዮን ገዝታ ጥራታቸው ሳያሟላ ቀርቷል፤ አሜሪካም መጀመሪያ ገበያውን ልቅ ለቀቀች፣ በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ወደ ቁጥጥር ተመለሰች። በድሮ ደም ለመመርመር የሚያስፈልገው የሥነ ምግባር ፈቃድም አለ፣ እሱን ኮሚቴዎቻችን ያውቁታል።

አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። እያንዳንዳችሁ ፍሪዘራችሁ ውስጥ ያለውን፣ የተቀዳበትን ዓመትና ቦታ መዝግባችሁ ለዚህ ማኅበር ላኩ። ጄኔሬተር ከሌለውም ጻፉት። ሴረም ይወገድ የሚል ደብዳቤ ደግሞ የላብራቶሪ ኃላፊ ሳይፈርምበት እንዳይፈጸም፣ ዛሬ ቃለ ጉባኤው ላይ ይያዝልኝ።